ግማሽ ዲግሪ

«ደቂቃ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት ሱቁ ፊት ለፊት የሚቆሙት ባለታክሲዎች ናቸው። ሰዓት ጠጋኝ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት በርና አንዲት መስኮት ብቻ ባላት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክቶ፣ በእጁ ወረንጦ ይዞ፣ የሰው ሰዓት ሆድ ዕቃ ሲጎረጉር ኖሯል። «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ለሚጠይቀው ሰው «አራት ሰዓት ገደማ» ብሎ መመለስ አይሆንለትም። «አራት ከሰባት» ይላል። ሚስቱ በዚህ ነገር ስታሾፍበት ኖራለች። የሠርጋችን ቀን እንኳ፣ ትላለች፣ መኪናው አራት ደቂቃ ዘገየ ብሎ ግንባሩን እንደቋጠረ ነው ፎቶ የተነሳው። ፎቶው ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል፤ እውነቷን ነው፣ ተቋጥሯል።

በሙያው አንድ ጽኑ እምነት አለው። መለኪያ የተባለ ነገር ሁሉ ሳይጣራ አይታመንም። ደንበኛ መጥቶ «ሰዓቴ ይቀድማል» ቢለው ወዲያው አይከፍተውም። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሦስት ሰዓቶች ጋር አስተያይቶ፣ አንድ ቀን አሳድሮ፣ ስንት ሰከንድ እንደሚቀድም ካወቀ በኋላ ነው ክዳኑን የሚያነሳው። ስለዚህ ያየውን ቁጥር ከማመኑ በፊት ቁጥሩን ያመጣውን ዕቃ ይጠረጥራል። ይህ ልማድ ሱቁ ውስጥ አስከብሮታል። ቤቱ ውስጥ ምን እንዳደረሰበት ግን ልንገራችሁ።

ሚስቱ የአጸደ ሕፃናት መምህር ናት። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ልጅ አፍንጫ ስትጠርግ፣ የጫማ ክር ስታስር፣ «ማነው ቀድሞ የገፋው?» እያለች ስትዳኝ ኖራለች። ጉንፋን ይዟት አያውቅም ማለት ይቻላል። «እነዚህ ልጆች ያላስነጠሱብኝ በሽታ የለም፤ ሁሉንም ጨርሻለሁ» ትል ነበር። ሆዷ መነፋት ሲጀምር ታዲያ ማን ደነገጠ? ቀሚሷ ጠበበ፤ ሁለት ጉርሻ ሳትጎርስ ትጠግባለች፤ እሷ ግን በራሷ እየቀለደች ከረመች። «ሽማግሌው፣ ልወልድልህ ነው መሰለኝ» ትለው ነበር። ሐኪም ቤት የሄደችው ሆዷ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ነው። የእንቁልጢ ካንሰር ተባለ፤ ከማህፀን ግራና ቀኝ ባሉት እንቁላል ማምረቻዎች ላይ የሚነሳው። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ቀጥሎም በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጥ ስድስት ዙር ኬሞ ታዘዘላት።

የካንሰር ሐኪሟ ረጋ ያለች፣ አንድ ነገር ሁለቴ መናገር የማትወድ ሴት ናት። የመጀመሪያው ዙር ቀን ሁለቱንም አስቀምጣ ነገረቻቸው።

«መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ የሚራባ ሴል ሁሉ ያጠቃል። ካንሰሩ ቶሎ ይራባል። ግን መቅኔ ውስጥ የሚፈጠሩት የደም ሴሎችም ቶሎ ይራባሉ። መድኃኒቱ ይሄ ወዳጅ ነው፣ ያ ጠላት ነው ብሎ አይለይም። ስለዚህ ኬሞ ከወሰዱ ከሳምንት በኋላ፣ እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ድረስ፣ በሽታ የሚከላከሉት ነጭ ሴሎች ክፉኛ ይወርዳሉ። ያን ጊዜ ትኩሳት ሠላሳ ስምንት ከገባ ሌላ ምልክት አትጠብቁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ እዚህ መድረስ አለባችሁ። እርስዎ ደግሞ ሳይለኩ ማስታገሻ እንዳይውጡ። ትኩሳቱን ይደብቅብናል።»

ባል ይህን ሲሰማ ልቡ ተሰቀለ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም አልወረደም። ሱቁ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ መዋል ጀመረ። የበር እጀታ በአልኮል ይወለውላል። እንግዳ መጣ ሲባል በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ደህና ናት፣ ተኝታለች፣ እግዜር ይስጥልን» ብሎ ይመልሳል። ተማሪዎቿ «ቲቸር፣ ይማርሽ» የሚል የተጻፈባቸው ሥዕሎች ሲልኩላት ሳይሰጣት በፊት ተኮሳቸው፤ በካውያ። ጀርም ለመግደል መሆኑ ነው። የሰም ቀለሙ ቀልጦ ካውያው ላይ ተለጠፈ፣ በማግስቱም ነጭ ሸሚዙ ላይ ቀይና ሰማያዊ መስመር አወጣ። እሷ ከመሳቅ ብዛት የቀዶ ሕክምናው ጠባሳ አመማት።

ትኩሳት መለካቱንም እንደ ሙያው ያዘው። በባትሪ የሚሠራ፣ ሲጨርስ ጢጥ የሚል ቴርሞሜትር ገዛ። ግን ዕቃውን በባዶ እንዴት ይመነው? ማመሳከሪያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በየቀኑ መጀመሪያ ራሱን ይለካል፣ ከዚያ በአልኮል ጠርጎ እሷን። ሁለት ወር ሙሉ የሱ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስድስት ሆኖ ተገኘ። አንድም ቀን አልተዛነፈም። ሰውነቱ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀሉት ሰዓቶች ልክ መሆኑን ሲያውቅ ትንሽ ኩራትም ተሰማው።

ሦስተኛው ዙር ላይ ደሟ ተመርምሮ ነጭ ሴሎቿ አልተነሱም ተባለና ሕክምናው በሳምንት ተራዘመ። ሐኪሟ ያለ ነገር ነው አለች። ሚስት ግን ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። «ለሱ እረፍት ሰጠነው እኮ» አለች፣ ሆዷን በእጇ ይዛ። «ሳምንት ሙሉ እንደልቡ ሊሆን።» ከአራተኛው ዙር በኋላ እንዳይደገም ብለው መቅኔዋን የሚያነቃቃ መርፌ አዘዙላት፤ ነርስ ቤት ድረስ እየመጣች ሆዷ ላይ ትወጋታለች። መርፌው አጥንት ያሳምማል። ወገቧንና ጭኗን ሲቀረጥፋት ትውላለች፤ እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። አሁን ከሞት ይልቅ የምትፈራው «ተራዝሟል» የሚለውን ቃል ነበር።

ነገሩ የሆነው ከአራተኛው ዙር በኋላ በአሥረኛው ቀን ነው።

ያን ቀን ደቂቃ ሱቅ ውሎ ነበር። ጠዋት ሲወጣ ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሁለት ነበረች፤ ደህና ቁጥር ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መለካት አለባት። አንድ ደንበኛ በወሬ ይዞት አሥር ደቂቃ አሳለፈ። የሱን ነገር ታውቃላችሁ፤ አሥር ደቂቃ ለሱ ክህደት ናት። ከሱቁ ወደ ቤቱ የሚወስደውን ዳገት በጠራራ ፀሐይ በሩጫ ወጣው። ቤት ሲገባ ሚስቱ ሶፋው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ደርባ ተጠቅልላለች።

«ምነው? በርዶሻል?»

«መስኮቱን ከፍቼው ነበር፤ ነፋስ መታኝ መሰለኝ። ደግሞ ምን ያስሮጥሃል? ልብህ ሊፈነዳ እኮ ነው።»

ልማዱን ተወና ለዛሬ መጀመሪያ እሷን ለካ። ጢጥ አለ። ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሦስት።

ቁጥሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ እንደገና አየው። «ስንት ነው?» አለችው። «ቆይ» አላት። «ምን ቆይ? ስንት ነው አልኩህ እኮ!» «ቆይ ትንሽ፣ ይሄ ነገር ባትሪው ደክሞ ይሆናል።» ጠረገና የራሱ ብብት ውስጥ ከተተው። ቆሞ ጠበቀ። ጢጥ ሲል አወጣው። ሠላሳ ሰባት ነጥብ አንድ።

ያን ጊዜ ነፍስ ዘራ። ሁለት ወር ሙሉ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስድስት የነበረ ሰው ዛሬ ከመሬት ተነስቶ ሠላሳ ሰባት ነጥብ አንድ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ዕቃው በግማሽ ዲግሪ ይቀድማል። ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሦስት፣ ግማሽ ሲቀነስ፣ ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስምንት። ከመስመሩ በታች። በዳገት መሮጡን፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ መለጠፉን አላሰበውም። ስሌቱን ወደደው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሰው «ሰዓቴ ልክ ነው» ብሎ ድርቅ ሲልበት አይቷል መሰላችሁ! እሱ ራሱ በዚያች ሰዓት ከሁሉም የባሰ ድርቅ ያለ ደንበኛ ሆነ።

«ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስምንት» አላት።

እሷ መምህር ናት። አርባ ልጅ አሰልፋ የቱ እንደዋሸ በዓይን የምትለይ ሴት ናት። የራሱ ብብት ውስጥ ምን ሲሠራ እንደነበር አይታለች። ግን አልጠየቀችውም። «አየህ፣ ነፋሱ ነው» አለችና ፊቷን ወደ ሶፋው መለሰች።

አሥር ከአሥር ላይ እንደገና ለካት። ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት፤ ሲታረም ሠላሳ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ። ሾርባ አሙቆ አመጣላት፣ ሁለት ማንኪያ ቀመሰችና ተወችው። ከንፈሯ ደርቋል። መስኮቱን ዘጋ፣ መጋረጃውን ሳበ፣ መልሶ ከፈተ። ኩሽና ሄዶ ምን ሊያመጣ እንደሄደ ጠፋው። ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር «ተነስ፣ ተነስ» ይለዋል፤ እሱ ግን ቁጥሩን ይዞ ተከራከረው። ሠላሳ ስምንት አልገባም። ሐኪሟ ያለችው ሠላሳ ስምንት ከገባ ነው። ደግሞ በሆነው ባልሆነው ሐኪም ቤት ቢወስዳት፣ እዚያ ስንት የሚያስል ሰው ተኮልኩሎ ይሆናል። ደሟን አይተው ቢያራዝሙባትስ?

አሥራ አንድ ከአሥር ላይ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ስድስት ሆነ። ቀነሰ። ሠላሳ ስምንት ነጥብ አንድ። እንደገና ቀነሰ፣ ሌላ ውጤት የሚመጣ ይመስል። ጥርሷ መንገጫገጭ ጀምሯል፤ ድምፁ ኩሽና ድረስ ይሰማል። ስልኩን አንስቶ የካንሰር ክፍሉ የሰጣቸው ቁጥር ላይ ደወለ። አሁን ምን ብሎ ጠየቀ መሰላችሁ?

«ይቅርታ የኔ እህት፣ ቴርሞሜትራችን በግማሽ ዲግሪ ይቀድማል። እንዴት ነው የሚስተካከለው?»

ስልኩን ያነሳችው ነርስ «ጋሼ፣ ታማሚ አለ?» አለችው።

«ባለቤቴ ናት። ኬሞ ላይ ናት፤ አሥረኛ ቀኗ ነው።»

«ቴርሞሜትሩ ስንት ነው የሚለው?»

«ሠላሳ ስምንት ነጥብ ስድስት። ግን ሲታረም...»

«ማን አርም አለዎት?» ድምፅዋ እንደ ጅራፍ ጮኸ። «አሁኑኑ ይዘዋት ይምጡ! ልብስ ልልበስ፣ ዕቃ ልሰብስብ እንዳትሉ። ስትደርሱ ኬሞ ላይ ናት፣ ትኩሳት አላት ብለው በሩ ላይ ይናገሩ። ወረፋ እንዳይዙ። ሰማኸኝ?» እርስዎ ማለቱም ጠፍቷት ነበር።

ከባለታክሲዎቹ አንዱ በሦስት ደቂቃ ደረሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ጋሽ ደቂቃ፣ ዛሬስ ስንት ሰከንድ ዘገየሁ?» ይለው ነበር። ፊታቸውን አይቶ አፉን ያዘ። መንገድ ላይ ጉሮሮውን ቢጠርግ ደቂቃ በመስተዋቱ ውስጥ አፈጠጠበት፤ ሰውየው ሳሉን ውጦ መስኮቶቹን ሁሉ አወረደ። ሚስት ራሷን የባሏ ትከሻ ላይ ጥላለች። በሸሚዙ አልፎ ትኩሳቷ ይሰማዋል። ለዚህ ምንም መለኪያ አያስፈልግም ነበር፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ግንባሯን በእጁ አልነካም።

ድንገተኛ ክፍል ጭንብል አድርገውላት በጎን በር አስገቧት። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፤ እጁ ሥራ ላይ እያለ በአፉ ይጠይቃል። ነርሷ ደም ትቀዳለች፣ ሌላዋ የደም ግፊቷን ለክታ ቁጥሩን ስትናገር ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት።

«ትኩሳቱ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?»

ሚስት ዓይኗን ሳትገልጥ ቀደመች። «አሁን ነው። አሁን እንደጀመረኝ ነው ያመጣኝ።»

እየሸፈነችለት ነው። ገብቶታል። ዝም ቢል ይቻለው ነበር፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። የአልጋውን ብረት ያዘ።

«ከዘጠኝ ከአሥር ጀምሮ ነው» አለ። «ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሦስት ነበር። እኔ ቀንሼ ነው የያዝኩት። ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው።»

ሐኪሙ አልተቆጣውም። ቢቆጣው ይሻለው ነበር። ጻፈና ወደ እሷ ዞረ። «ዛሬ የዋጡት ማስታገሻ አለ?»

ከጭንብሉ በላይ የሚታዩት ዓይኖቿ እንባ ሞሉ።

«ፓራሲታሞል። ጠዋት እሱ እንደወጣ ሁለት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት። ጠዋት ነው ያንቀጠቀጠኝ። ለአጥንቴ ነው ብዬ ዋጥኩት።» ከዚያ በቀስታ «ለአጥንቴ አልነበረም» አለች።

ደቂቃ ወደ እሷ ዞረ። እሱ ይቀድማል ብሎ የቀነሰው ቁጥር፣ ያ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሦስት ራሱ፣ በመድኃኒት የታፈነ ኖሯል። ሐኪሙ ግን ሁለቱን ለመታዘብ ጊዜ አልነበረውም። አንቲባዮቲኩን አሰቅሎ፣ በሌላኛው እጇ ግሉኮስ እንዲገባላት አዞ፣ ባልየውን በትከሻው ይዞ ከመጋረጃው ውጭ አወጣው።

የደም ውጤቱ ሲመጣ ባክቴሪያን የሚዋጉት ነጭ ሴሎቿ ሁለት መቶ ሆነው ተገኙ። ከአንድ ሺህ አምስት መቶ በላይ መሆን ይገባቸው ነበር። «መርፌው ያነሳቸዋል» አለው ሐኪሙ፤ «ግን ቀናት ይፈልጋል። እስከዚያ በሽታውን የሚዋጋላት መድኃኒቱ ብቻ ነው። የራሷ ሠራዊት የለም ማለት ነው።» ደቂቃ ራሱን ነቀነቀ። ሁለት መቶ የሚለውን ቁጥር መልሶ መላልሶ በሆዱ አለው። የሚቀንስበትም፣ የሚጨምርበትም አጣ።

ለብቻዋ ክፍል ተሰጣት። ሁለት ቀን ሙሉ ትኩሳቱ ወጣ ገባ እያለ አንገላታት። እሱ ጭንብል አድርጎ ወንበር ላይ ተቀምጦ የግሉኮሱን ጠብታ ሲያይ ዋለ፤ ማታ ነርሶቹ ገፍተው ወደ ቤት ይሰዱታል፣ ጎህ ሲቀድ በር ላይ ይገኛል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትኩሳቱ ወረደ፤ ቀኑን ሙሉም ሳይመለስ ዋለ። ሻይ ጠየቀች። ፀጉር የሌለው ራሷን በሻሽ አስራ ተቀመጠች። ሱቁን ማን እንደከፈተው ጠየቀችው፤ ማንም አለመክፈቱን ሲነግራት «ከተማው ሁሉ ሰዓቱ ጠፍቶበት ይሆናል» አለች። የደከመ ቀልድ ነበር፤ እሱ ግን ሳቀ፣ ከዚያ ማልቀስ መጣበትና ወደ መስኮቱ ዞረ።

በአራተኛው ቀን የራሷ ሐኪም መጣች። ቻርቱን አገላበጠች። ነገር ስለማትደጋግም አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። አምስተኛው ዙር ይራዘማል፤ ስንት ቀን እንደሆነ ደሟ ነው የሚወስነው፤ መጠኑም ይቀነሳል። ትኩሳቱ ካልተመለሰ ነገ ቤት መሄድ ይችላሉ። ሐኪሟ ስትወጣ ሚስት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባል ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋ።

«በኔ ነው» አለ። «ይቅር በይኝ።»

«አንተ ብቻህን ነህ እንዴ?» አለች ሳትዞር። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አለ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አይለይም። «እኔ ጠዋት ስንቀጠቀጥ ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። እንዳይራዘምብኝ ብዬ ዋጥኩት። አንተም አውቀሃል። ስንት ዓመት አብረን ኖርን? ላብህ እስኪደርቅ ቆይተህ እንደገና ብትለካ ዕቃው ልክ እንደሆነ ትደርስበት ነበር። አልፈለግህም። እኔም አልፈለግሁም። ትኩሳቱ አይደለም የሚያስፈራኝ። እዚያ ቤት ውስጥ እውነቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው አልነበረም።»

እጇን ያዘ፤ አልነጠቀችውም። ኮሪደሩ ላይ የምግብ ጋሪ ሲንኳኳ አለፈ። ሁለቱም ነገ ቤት ስለመሄድ ማውራት ፈሩ።

አሥር ሰዓት ላይ ነርሷ ገባች፤ ያችው በስልክ የጮኸችበት ናት። አሁን ጭንብሏ ውስጥ እየሳቀች «ጋሼ፣ ዛሬ አያርሙብኝም አይደል?» አለችው። ቴርሞሜትሩን ሚስቱ ብብት ውስጥ አስገባች። ሦስቱም ጠበቁ። ሲጮህ አወጣችው፣ አየችው፣ ሳቋ ከዓይኗ ጠፋ። ሉህ ላይ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ጮክ ብለሽ ንገሪን» አለቻት ሚስት። «ለሁለታችንም።»

«ሠላሳ ስምንት ነጥብ አንድ።»

ዕቃው፣ ባትሪው፣ ቅድም የጠጣችው ሻይ፣ ሁሉም አንድ ላይ የደቂቃ ምላስ ጫፍ ላይ መጡ። ሚስቱ ታየዋለች። እጇ እጁ ውስጥ ሞቋል፤ አጥብቃ ጨመቀችው።

«ሰማህ?» አለችው።

«ሰማሁ» አለ። «ሠላሳ ስምንት ነጥብ አንድ።» ወደ ነርሷም ዞሮ «ሐኪሟን ጥሪልን» አለ።